የቅዳሜና እሑድ መምህራን

ዛሬ ለሚሰማው ተረት ሊመስል ይችላል እንጂ፣ ቻይና ውስጥ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልያዘ ኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግሊዝኛ እያስተማረ ኪሱን የሚደጉምበት፣ ከተረፈውም ለቤተሰቡ የሚልክበት ዘመን ነበር። እኔ የማውቀው የዉሃንን ነው። ናንጂንግ፣ ቲያንጂንና ቻንግሻ የተማሩ ልጆች የሚያወሩት ግን ከኔ ታሪክ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ ቅዳሜ ጠዋት በውጭ ተማሪዎች ዶርም ኮሪደር ያለፈ ሰው ሸሚዝ የሚተኩስ፣ የሥዕል ካርድ በላስቲክ የሚያስር፣ የሕፃናት መዝሙር እያንጎራጎረ ጥርሱን የሚቦርሽ የነገ መሐንዲስና ሐኪም ያገኝ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎች ነን። ቅዳሜና እሑድ መምህራን።

የሄድነው በቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። የትምህርት ክፍያው፣ ዶርሙና የጤና መድኑ ተሸፍኗል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ግን 1,400 ዩዋን ነበር፤ ወደ 2,500 ያደገው እ.ኤ.አ. በ2014/15 የትምህርት ዘመን ነው። በጊዜው አንድ ዩዋን ሦስት ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር፣ 1,400 ዩዋን አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ ጥሩ ደመወዝ ነው። ቤተሰብም የሚያሰላው እንደዚያ ነው። ዉሃን ላይ የአንድ ወፍራም ጃኬት፣ የመጽሐፍ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድና የካፌ ምሳ ተደምሮ ምን እንደሚተርፍ ከእናቴ ጋር በስልክ ተከራክሬ አላውቅም። እሷ ያላት፣ «ልጄ ውጭ አገር ናት» የሚል ኩራት ነው፤ ኩራቱ ደግሞ ለታናናሾቼ ዩኒፎርም ይጠብቃል። እጃችን ሲያጥር ሥራ መፈለግ የተፈጥሮ ነገር ነበር። ከኛ ዘንድ ሊሸጥ የሚችል ሀብት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ።

እንግሊዝኛውን ያመጣነው ከክፍል ነው። አገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሰጣል። እኔና እኩዮቼ በተለይ የፕላዝማ ልጆች ነን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በገባው ቴሌቪዥን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ነው የተከታተልነው። የፕላዝማው አስተማሪ አያቆምም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም ባይመልስለት እንኳ አመስግኖ ያልፋል። የክፍላችን መምህር ጥግ ላይ ቆመው ከኛው ጋር ያያሉ። አሠራሩ ብዙ ተወቅሷል፣ ወቀሳውም የሚገባው ነው፤ ጎበዝ መምህራንን ዝም አሰኝቷል። ጆሯችንን ግን አሠለጠነው። ፈጥኖ የሚነገር እንግሊዝኛ ተከትሎ መስማትን፣ ከአፍ ተቀብሎ መድገምን ያስተማረን እሱ ነው።

በቻይና በኩል የነበረውን ጥማት ያላየ ሰው አይገምተውም። እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ተወስኗል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና፣ ጋኦካኦ የሚሉት፣ ከ750 ነጥብ ሲታረም 150ው የእንግሊዝኛ ነው። የአንድ ልጅ ሕግ ገና አልተነሣም ነበርና ብዙው ቤት ለአንድ ሕፃን ሁለት ወላጅና አራት አያት አለ። የስድስት ሰው ተስፋ ያረፈበት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አይቀመጥም። ፒያኖ፣ ሥዕል፣ ሒሳብ፣ ከሁሉም በላይ እንግሊዝኛ ይማራል። ማስጠኛ ማዕከሎቹ ከሱፐርማርኬት በላይ፣ ከባንክ በላይ፣ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ደጃቸው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ሁልጊዜ ወርቃማ ፀጉር ያለው ወጣት ነው። ውስጥ ገብቶ የሚያስተምረው ግን ብዙ ጊዜ ከኛ ወይ ከሩሲያ፣ ወይ ከካሜሩን፣ ወይ ከዩክሬን የመጣ ተማሪ ነበር።

ሥራው በማስታወቂያ አይገኝም። በውርስ ነው የሚገኘው። ተመርቆ የሚሄድ ልጅ ቦታውን ለሚያምነው ታናሹ ያስረክባል። እኔ የወረስኩት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ከሚማር የጎንደር ልጅ ነው። አንድ ምሽት ካፌ ሰልፍ ላይ ቆመን፣

«አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«አጠናለሁ።»

«ከእንግዲህ ታስጠኛለሽ።»

በማግስቱ የላስቲክ ኳስ፣ በፕላስቲክ የተለበጡ ካርዶችና የመዝሙር ዝርዝር አመጣልኝ። የማዕከሉን ባለቤት ጠባይ፣ የትኛው ክፍል አስቸጋሪ እንደሆነ፣ የትኛዋ እናት ከኋላ ተቀምጣ እንደምትጽፍ አንድ በአንድ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ከየት ነሽ ካሉሽ ደቡብ አፍሪካ በይ» አለኝ። ፕላዝማውን አስታወሰኝ። አራት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ያስተማሩኝ ሰዎች የመጡበትን አገር አሁን የራሴ ብዬ ልጠራው ነው።

ነገሩ የእሱ ፈጠራ አልነበረም። ለማዕከሎቹ መምህር የሚፈልጉት ደላሎች ሰባት አገር ብቻ ነው የሚያውቁት፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። ከነዚህ ውጭ የተወለደ ሰው የቱንም ያህል ቢችል እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አይባልለትም። ከሰባቱ መካከል ፊታችን ሊያስገባን የሚችለው በር የመጨረሻው ነው፤ ወይም ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ነኝ ማለት። አንዳንዱ አትላንታ ተወልጄ አለ፣ አንዳንዱ ኬፕታውን። ተወለድኩበት ያለውን ከተማ በደንብ ያልያዘ ሰው ጥያቄ ሲመጣበት ይደነግጣል፣ ስለዚህ ልጆቹ ማታ ማታ ካርታ ያጠኑ ነበር። እኔ ካርታውን አላጠናሁም፤ ሲጠይቁኝ አንገቴን ነቅንቄ ወደ ልጆቹ ነበር የምዞረው። የአገሬን ስም ግን በገዛ አፌ ዋጥኩት፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ክፍያውም እንደ መልክ ነበር። በኔ ጊዜ ለኛ በሰዓት ከ100 እስከ 150 ዩዋን ይሰጣል። ነጭ ከሆነ፣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ባይችል እንኳ፣ 200 እና ከዚያ በላይ ያገኛል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ከኛ በታች የሚከፈላት ሌላ ሰው መኖሯን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው፤ አጠገቤ የምትቆመው ቻይናዊት ረዳት መምህርት። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃለች፣ ዲግሪ አላት፣ የልጅ ሥነ ልቦና ተምራለች። እኔ በሰዓት የማገኘውን እሷ በቀን አታገኝም ነበር። ልጅ ሲያለቅስ የምታባብለው፣ ሲበጣበጡ የምታስቀምጠው፣ ወላጅ ሲቆጣ የምትቀበለው እሷ ናት። እውነተኛው የማስተማር ሥራዬም ከእሷ የተማርኩት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ጨዋታ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ፣ የሚጮኸውን ዝም ለማሰኘት ድምፅን ከፍ ሳይሆን ዝቅ ማድረግ እንደሚሻል፣ ዝም ያለ ልጅ አልገባውም ማለት እንዳልሆነ አሳይታኛለች። የእኔ ሥራ መታየት ነበር፤ የእሷ ሥራ ማስተማር። ከዓመት በኋላ ነው ሁለታችንም የምናስተምር የሆነው።

ዉሃን ሦስት ከተሞች ተጋጥመው የሠሯት ናት። ዩኒቨርሲቲያችን ከያንግትዚ ወንዝ ምሥራቅ፣ ዉቻንግ ነው፤ ማዕከሉ በምዕራብ፣ ሃንኮው። በመጀመሪያው ዓመት እ.ኤ.አ. በ1957 በተመረቀው፣ ከላይ መኪና ከሥር ባቡር በሚያሳልፈው ታላቅ ድልድይ ላይ በአውቶቡስ ነበር የምንሻገረው። መንገዱ ሲዘጋ ጀልባ እንይዛለን፤ 1 ዩዋን ተኩል ከፍሎ ብስክሌቱን ይዞ ከሚሳፈረው ሕዝብ ጋር ተጋፍቶ መቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ታኅሣሥ መጨረሻ በወንዙ ሥር የሚያልፈው ሁለተኛው የሜትሮ መስመር ሲከፈት ሕይወታችን ተለወጠ። ያኔ ከጓንጉ ተነሥቶ ሃንኮውን አቋርጦ ጂንዪንታን የሚደርስ መስመር ነበር። ጂንዪንታን የሚለውን ስም ያኔ የምናውቀው በመጨረሻ ፌርማታነቱ ብቻ ነበር። ባቡሩ ውስጥ የትምህርት ዝግጅቴን እጨርሳለሁ፣ ስወርድ ሰሊጥ ቅባት የተለወሰበት ትኩስ ደረቅ ኑድል ከመንገድ ዳር በወረቀት ሣህን ገዝቼ ቆሜ እበላለሁ። የሰሊጡ ሽታ ከወዳጄ ከሑመራ ልጅ ጋር ሁልጊዜ ያነጋግረን ነበር። ቻይና ያኔ ከኢትዮጵያ ሰሊጥ ከሚገዙት አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች፤ «ይሄ የኛ ነው» እያለ ነበር የሚበላው።

በብርዱ ወራት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ማዕከላዊ ማሞቂያ ያላቸው ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ያሉ ከተሞች ናቸው። ዉሃን ከመስመሩ በስተደቡብ ስለሆነች የላትም፤ እርጥበቱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ሦስት አራት ሹራብ ደርበው፣ ክንዳቸው ወደ ጎን ተዘርግቶ አልታጠፍ ብሎ ይመጣሉ። ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ጉልበት የሚነካካበትን መዝሙር ሲዘምሩ ጉልበታቸው ላይ አይደርሱም። ሞቅ ሲላቸው ግን አንድ በአንድ እያወለቁ ክፍሉ የልብስ ክምር ይሆናል። እንደገባሁ የሚሮጡት ወደ ሹሩባዬ ነበር። አንዷ ይዛ ትጎትታለች፣ ሌላው የእጄን ቆዳ በጣቱ ፈግፍጎ ጣቱን ያያል። ቀለም እንደማይለቅ ሲያረጋግጥ ተመልሶ ይቀመጣል። አዋቂ እንዲህ ቢያደርግ ይከፋኝ ነበር። ከነሱ ግን አልከፋኝም። የሚያዩትን ለማወቅ ነው የነኩኝ፤ ካወቁ በኋላ ረሱት።

አንድ ጊዜ የማዕከሉ ባለቤት አዲስ ለተመዘገቡ ልጆች የእንግሊዝኛ ስም እንዳወጣ ጠየቀችኝ። ቀድሞ የነበሩት ልጆች አፕል፣ ኮኮ፣ ስካይ፣ ኪንግ የሚባሉ ነበሩ፤ ወላጅ ከመዝገበ ቃላት የመረጠው ስም ነው። ስም ማውጣት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ አያት ይጠየቃል፣ ይታሰብበታል። ትናንሽ ወንበሮች ላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁኝ የመጡልኝ ስሞች ሣራ፣ ሩት፣ ማርታ፣ ዳንኤል፣ ዮናስ ነበሩ። ለባለቤቷ የእንግሊዝ ስሞች ናቸው፤ ተደሰተች። ለኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ የጎረቤት ልጆች፣ የአክስቴ ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ስም ስጠራ ሃንኮው መሐል የደብረ ማርቆስን ሰፈሬን የምጠራ ይመስለኝ ነበር። ስለ አገሬ አንዲት ቃል ባልተናገርኩበት ክፍል ውስጥ የአገሬ ሰዎች ስም እየተጠራ «አቤት» ይባል ነበር፤ በእንግሊዝኛ።

ሩት ያልኳት ልጅ ስድስት ዓመቷ ነበር። ካርዱን ሳነሣ የምትቀድም፣ ቃል የማይጠፋባት ልጅ ናት። አንድ እሑድ የትምህርት ቤት ሥዕል ሳሳያት ጮክ ብላ «እስኩል!» አለች። በፊት ከአሜሪካ የተቀዳ ሲዲ ሰምታ ታውቃለች፤ ከዚያ አላመጣችውም። ከፊቱ «እ» ጨምሮ የሚጠራው የኛ አገር ሰው ነው። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩን ጋሽ፣ ኖራ የነካው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በአለንጋ ጥቁር ሰሌዳውን እየነኩ ያስደገሙን ልክ እንደዚያ ነበር። ከጎጃም እስከ ሃንኮው ድረስ በኔ አፍ አልፎ እሷ ዘንድ ደርሷል። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ቀረጻ እየሰማሁ፣ በመስታወት ፊት እየደገምኩ አፌን ማቃናት ያዝኩ፤ ልጅቷ በፈተና ላይ በኔ ምክንያት ነጥብ እንዳታጣ። ያም ሆኖ የመምህሬን ድምፅ ከአንዲት የቻይና ሕፃን አፍ መስማቴ ከዚያ አገር ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአገሬን ስም የተናገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ዳንኤልን የሚያመላልሱት አያቱ ነበሩ። ልጁ ጫማውን እስኪያስር ደረጃው ላይ እንጠብቃለን፤ እሳቸው በዉሃን ዘዬ ያወሩኛል፣ እኔ በአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት በያዝኩት ቻይንኛ እመልሳለሁ። ለመሐንዲስነቱ ትምህርት የተማርነው ቻይንኛ ገበያ ላይ እንጂ ክፍል ውስጥ እንደማይጠቅም ብዙ ጊዜ አማርረን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጠቀመኝ። ከየት እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ሽማግሌ ፊት መዋሸት ከበደኝና ኢትዮጵያ አልኩ። አሰብ አደረጉና፣ «ንጉሣችሁ ሊቀመንበር ማኦ ዘንድ መጥተው ነበር። አጭር ሰው ናቸው። ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ» አሉኝ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ የሄዱት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971፣ ሁለቱ አገሮች ግንኙነት በመሠረቱ በዓመቱ ግድም ነው። ሽማግሌው ያኔ ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ለማዕከሉ ባለቤት ይነግራሉ ብዬ ሳምንቱን በጭንቀት አሳለፍኩ። አልነገሩም። በቀጣዩ ቅዳሜ የብርቱካን ከረጢት ይዘውልኝ መጡ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ስለ ቡና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገብስ እንጫወታለን፤ እዚያ ደረጃ ላይ ከራሴ አገር ነበርኩ።

ገንዘቡ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ዶርም ውስጥ እቁብ ነበረን፤ ዕጣ የደረሰው ላፕቶፕ ይገዛል፣ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ አራት ዓመት ያላያትን እናቱን ያያል። ወንድሙን ከግል ኮሌጅ ያስመረቀ አለ። አባቷን ያሳከመች አለች። እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ወይ እሑድ ሲውል ክፍል ጨርሰን ማታ ነው የምናከብረው፤ ከአገር ቤት የመጣ ሽሮ በሩዝ እየተበላ።

ሕጉን ግን ማንም አይስትም። የያዝነው የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ በሱ ከግቢ ውጭ መሥራት የዩኒቨርሲቲንና የፖሊስን ስምምነት ይጠይቃል። ይህን ስምምነት ቅዳሜ ለሚሠራ የኳስና የካርድ ሥራ የሚሰጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የፀናው አዲሱ የመግቢያና የመውጫ ሕግ ቅጣቱን በግልጽ አስቀመጠ፦ ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ አገር ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፣ ከከበደም ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቀን ይታሰራል። 20,000 ዩዋን ያኔ ከአንድ ዓመት የኪስ ገንዘባችን ይበልጥ ነበር። ፖሊስ መጣ ሲባል ረዳቷ በጓሮ በር ታወጣናለች፤ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ገብተን ዘይትና ሩዝ የምንመርጥ መስለን እንቆያለን። ልጆቹ ላይ ያሳደረውን አላውቅም። መምህራቸው በጨዋታ መሐል ጠፍታ ስትመለስ ካቆመችበት ይቀጥላሉ።

ፈቃድ የሌለው ሰው መብትም የለውም። አንድ የጓደኛችን ማዕከል የአንድ ሴሚስተር ደመወዙን «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ አቆይቶ፣ በስተመጨረሻ ቁልፉን ቀይሮ ጠፋበት። ወዴት ይክሰስ? ክሱ ራሱን የሚያሳስር ነው። ያን ልጅ ዶርም ቁጭ ብሎ የሠራቸውን ሰዓታት በደብተር ሲደምር አይቻለሁ። ደብተሩን የሚያሳየው ሰው አልነበረም። ባለቤቶቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ርካሽ የሆንንላቸውም በቀለማችን ብቻ ሳይሆን መናገር ስለማንችል ጭምር ነው። ስለዚያ ዘመን በናፍቆት ብቻ የሚያወራ ሰው ስሰማ ይህን ማንሣት ግዴታዬ ይመስለኛል።

በሩ ጠበብ እያለ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አንድ የሥራ ፈቃድ ሥርዓት ተዘረጋና የውጭ ሠራተኛ በሦስት ደረጃ ተመደበ። እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያመለክት ሰው በመደበኛው መንገድ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሁለት ዓመት ልምድ፣ የነዚያ የሰባቱ አገሮች ፓስፖርት ይጠየቅ ጀመር። የዲግሪ ማስረጃም በኤምባሲ መረጋገጥ ነበረበት። ደላሎቹ ዝም አሉ። ቦታ የሚያወርሰውም የሚወርሰውም አነሰ።

ከዚያ ጥር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥር 23 ዉሃን በኮሮና ምክንያት ተዘጋች። ያኔ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አዲስ አበባ ሆኜ ዜና ስከታተል ጂንዪንታን የሚለውን ስም ሰማሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የተኙበት በዚያው ስም የሚጠራው ሆስፒታል ነው። የኛ ዘመን የሜትሮ መጨረሻ ፌርማታ ለዓለም ሁሉ ሌላ ነገር ሆነ። ከተማዋ ሚያዝያ 8 እስክትከፈት ድረስ ዶርም ውስጥ ተዘግተው የቀሩ ታናናሾቻችን በስልክ ይደውሉልን ነበር። የሽማግሌውን ስልክ አልያዝኩም። ሃንኮው ውስጥ የሚኖር የዚያ ዕድሜ ሰው ነበሩና ስማቸውን ሳላውቅ ጸለይኩላቸው።

የመጨረሻው መዝጊያ ግን በሽታው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2021 የቻይና መንግሥት የልጆችን የቤት ሥራና ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ማስጠናት የሚቀንስ መመሪያ አወጣ። የመደበኛ ትምህርት ዓይነቶችን፣ እንግሊዝኛን ጨምሮ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልና በዕረፍት ወራት ማስጠናት ተከለከለ። ማስጠኛ ማዕከሎች ትርፍ ለማግኘት እንዳይሠሩ ታዘዘ፤ ትምህርት ቤት ላልደረሱ ሕፃናትም ተዘጋ። የኛ ሥራ በትክክል ያ ነበር፦ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ እንግሊዝኛ፣ ሕፃናት። አንድ ቀን በወጣ ወረቀት ጠቅላላው ዓለም ፈረሰ። ለልጆቹ ግን ደግ ነገር ይመስለኛል። ሹራብ ደርቦ በብርድ የሚመጣ የአምስት ዓመት ልጅ ቅዳሜ እቤቱ መተኛት ይገባዋል። ያኔም አስተምረዋለሁ እንጂ ሲያዛጋ እያየሁ ልቤ ይራራ ነበር። ረዳቷ ምን ሠርታ እንደምትኖር ነው የሚያሳስበኝ፤ ከኛ ይልቅ ኑሮዋ በዚያ ላይ የቆመ እሷ ነበረች።

ከኛ መካከል አስተማሪ ሆኖ የቀረ ጥቂት ነው። የጎንደሩ ልጅ መንገድ ይሠራል፤ የጉልበት ሠራተኞችን ሲያስረዳ አሁንም መሬት ላይ ሥዕል ይሥላል ይሉታል። የሑመራው ልጅ ነጋዴ ሆኗል። አንዷ ጓደኛችን ቨርጂኒያ ሆና ለሐበሻ ልጆች አማርኛ በኢንተርኔት ታስተምራለች፤ በፊደል ገበታ ፈንታ የምትይዘው የዚያን ጊዜውን ዓይነት ካርድ ነው፤ ባለፈው ለኔም ልካ አሳየችኝ።

ስኮላርሺፕ ያገኙ ልጆች ዛሬም ይጠይቁኛል፤ ዲግሪው እስኪመጣ እዚያ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል ወይ ይሉኛል። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። በዚያ መንገድ አይቻልም፤ በድብቅ የሚያስገባ ደላላ ካገኛችሁም ተመለሱ እላቸዋለሁ፤ የሚከፈለው ዋጋ የናንተ ነው። ዩኒቨርሲቲው በሚፈቅደው የግቢ ሥራ ጀምሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሳትይዙ ከበር አትውጡ። ዲግሪ መጠየቁ ልክ ነው፤ ልጅ የሚያስተምር ሰው ተምሮ ይምጣ። ፓስፖርት መጠየቁን ግን ዛሬም አልቀበለውም። በነሐሴ መጨረሻ ለሚሄደው ለአክስቴ ልጅ ካርዶቼን ሰጥቼዋለሁ። ቻይንኛ ለመማሪያ ይጠቀምባቸዋል፤ በጀርባቸው ቻይንኛውን ጻፍኩለት።